ኢብኑ ሲና፦ በረመዳን ያረፉት የመድኃኒት ሊቅ

ዛሬ የምናስታውሳቸው አቡ ዓሊ አል-ሑሰይን ኢብኑ ሲናን ነው። የተወለዱት በ370 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 980) ቡኻራ አጠገብ፣ አፍሻና በምትባል መንደር ነው። ዐሥር ዓመት ሲሞላቸው ቁርኣንን ሐፍዘው ነበር። ገና በወጣትነታቸው የሳማኒዶችን አሚር ኑሕ ኢብኑ መንሱርን እንዲያክሙ ተጠሩ፤ በዚህም የቤተ መንግሥቱ ቤተ መጻሕፍት ተከፈተላቸው። ኋላ ሐመዳን ላይ ሚኒስትር ሆነዋል፤ ታስረዋልም። በፍልስፍናቸው ኢማም አል-ገዛሊ አጥብቀው ነቅፈዋቸዋል፤ እኛ ግን የዛሬ ጉዳያችን ሕክምናቸው ነው።

አል-ቃኑን ፊ አጥ-ጢብ የተሰኘው ኪታባቸው አምስት ክፍል አለው። ሁለተኛው ስለ ነጠላ መድኃኒቶች፣ አምስተኛው ስለተቀመሙት ነው። መድኃኒት እንዴት እንደሚፈተን ሲያስተምሩ፣ ሕመሙ ያልተደራረበ ይሁን ይላሉ፤ ብዙ በሽታ ባለበት ሰው ላይ የቱ እንደዳነ አይታወቅምና። ውጤቱ አንዴ ብቻ ከታየ አጋጣሚ ሊሆን ይችላል። በፈረስ ላይ የሠራ በሰው ላይ ይሠራል ማለትም አይደለም። ከሁሉ በላይ የመድኃኒቱ ኃይል ከሕመሙ ጋር ይመጣጠን፣ የሚሠራበት ሰዓትም ይታይ ይላሉ።

ይህ የመጠንና የሰዓት ነገር በዚህ ወር የቀፊራን ቤቶች ይመለከታል። የተዋጠ መድኃኒት ከአንጀት ወደ ደም ይገባል፤ አብዛኛውን ጉበት ይለውጠዋል፣ ኩላሊት ያስወጣዋል። የአንዱ ኃይል በሰዓታት ያልቃል፣ የሌላው ቀን ይቆያል። ሐኪም ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ብሎ የሚያከፋፍለው በደም ውስጥ ያለው መጠን እንዳይወርድም፣ እንዳይበዛም ነው። ታዲያ የቀኑን ኪኒን ከማታው ጋር ደርቦ በኢፍጣር የሚውጥ ጾመኛ ያመለጠውን አላሟላም፤ ሰውነቱ ላይ እጥፍ ጫነ እንጂ። የስኳር መድኃኒት በሱሁር ወስዶ ሳይበላ የሚውልም ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። ከገበያችን የሚገዛው አብሽም ቢሆን ስኳር የመቀነስ ጠባይ ስላለው፣ በብዛት የሚጠጣ ሰው ለሐኪሙ ይንገር። ሐኪሙ ብዙ ጊዜ ሰዓቱን ያስተካክላል፤ አትጹም ካለም አላህ ለታመመ ሰው ፈቃድ ሰጥቷል። እናቶቻችን ይህን ፈቃድ እንደ ውርደት ማየታቸው ያሳዝነናል።

ኢብኑ ሲና ራሳቸው የሞቱት በሆድ ቁርጠት ነው። ቶሎ ለመዳን ቸኩለው ሑቅናን፣ ማለትም ከታች የሚሰጥ የአንጀት ማጠቢያን፣ በአንድ ቀን ስምንት ጊዜ አደረጉ፤ አንጀታቸውም ቆሰለ። ከዚያ በማጠቢያው ውስጥ ሁለት ዳኒቅ የከረፍስ ዘር እንዲገባ አዘዙ። የሚያክማቸው ሰው ግን አምስት ዲርሃም ጨመረ። ዳኒቅ የዲርሃም አንድ ስድስተኛ ስለሆነ፣ የገባው የታዘዘው ዐሥራ አምስት እጥፍ ነበር። ደቀ መዝሙራቸው አል-ጁዝጃኒ፣ ሰውየው ተሳስቶ ይሁን አስቦበት እንደማያውቅ ጽፏል። ከአገልጋዮቻቸው አንዱም በሚወስዱት ሌላ መድኃኒት ውስጥ ብዙ ኦፒየም ጨመረበት።

ትንሽ አገግመው ከአሚሩ ጋር ወደ ሐመዳን ሲሄዱ ሕመሙ አገረሸ። ጉልበታቸው ማለቁን ሲያውቁ መታከሙን ተዉ። ተውበት አድርገው፣ ገንዘባቸውን ለድሆች ሰጥተው፣ ባሪያዎቻቸውን ነፃ አውጥተው፣ በየሦስት ቀኑ ቁርኣንን ያኸትሙ እንደነበር ተጽፏል። ያረፉት በ428 ዓመተ ሂጅራ በረመዳን ወር ነው፤ ቀብራቸውም እዚያው ሐመዳን ይገኛል።