የድሆችን መንደር በፍላሽ ብርሃን ያጋለጠው ጋዜጠኛ ጃኮብ ሪስ

በጽሑፍ የቀረበላቸው ሪፖርት ብቻውን እምብዛም ያላሳሰባቸውን የኒውዮርክ ከተማ የጤና ቦርድ አባላት በፎቶግራፍ ማስረጃ ለማሳመን የቻለው ጃኮብ ሪስ፣ ሰው ሠራሽ ብርሃንን ለማኅበራዊ ለውጥ ካዋሉ ቀዳሚ ጋዜጠኞች አንዱ ነው።

ሪስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ግንቦት 3 ቀን 1849 በዴንማርክ ሪበ በተባለች ጥንታዊት ከተማ ከመምህር አባት ተወለደ። በወጣትነቱ የአናጢነት ሙያ ተምሮ በ1870፣ በ21 ዓመቱ፣ ወደ አሜሪካ ተሰደደ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አናጢነትንና የቀን ሠራተኝነትን ጨምሮ ያገኘውን ሥራ ሁሉ ቢሠራም፣ ሥራ ባጣባቸው ጊዜያት በኒውዮርክ ጎዳናዎች በረሃብና በብርድ ተንገላቷል።

በዚያው በ1870 መኸር፣ በአንድ ዝናባማ ሌሊት፣ ፖሊስ ጣቢያዎች ለቤት አልባዎች በሚሰጡት ማደሪያ አደረ። በእንቅልፍ ላይ ሳለ በአንገቱ ያንጠለጠለው የወርቅ ጌጥ ተሰረቀበት። አቤቱታ ባቀረበ ጊዜም ሰሚ አጥቶ ከጣቢያው ተባረረ። አብራው የነበረች ውሻው ደግሞ በዓይኑ ፊት በፖሊስ ተገደለች። ይህ በደል በቀሪ ዘመኑ ሁሉ ከአእምሮው አልጠፋም።

ሪስ በ1877 በኒውዮርክ ትሪቢዩን ጋዜጣ የፖሊስ ዜና ዘጋቢ ሆኖ ተቀጠረ። ቢሮው በመልበሪ ጎዳና ከፖሊስ ዋና መሥሪያ ቤት ፊት ለፊት ስለነበር፣ በስደተኞች የተጨናነቁትን የኪራይ ሕንፃዎች በየሌሊቱ የመመልከት ዕድል አገኘ። መስኮት የሌላቸውን ክፍሎችና በወለል ላይ ተደራርበው የሚያድሩትን ሰዎች ደጋግሞ ቢዘግብም፣ ጽሑፉ የተፈለገውን እርምጃ አላስከተለም። ፎቶግራፍ ለማንሳት ደግሞ የዚያን ዘመን ካሜራ በቂ ብርሃን ይፈልግ ስለነበር፣ በጨለማ ክፍል ውስጥ አገልግሎት አይሰጥም ነበር።

መፍትሔው የተገኘው በ1887 ነው። በዚያ ዓመት አዶልፍ ሚተና ዮሐንስ ጌዲከ የተባሉ ጀርመናውያን የማግኒዚየም ዱቄትን ከሌሎች ኬሚካሎች ጋር በመቀላቀል፣ ሲለኮስ በቅጽበት ነድዶ ከፍተኛ ብርሃን የሚሰጥ የፍላሽ ዱቄት ሠሩ። ሪስ ይህንን የሚገልጽ አጭር ዜና በጋዜጣ እንዳነበበ፣ በከተማው ጤና መምሪያ ይሠራ ለነበረውና ፎቶግራፍ ማንሳት ለሚወደው ለዶክተር ጆን ኔግል ጉዳዩን አማከረው። ሌሎች አማተር ፎቶግራፍ አንሺዎችም ተጨምረው የሌሊት ጉዞው ተጀመረ።

ይሁን እንጂ የመጀመሪያው የብርሃን መሣሪያ ችግር ነበረበት። ዱቄቱ በካርቱጅ ተሞልቶ የሚተኮሰው ሽጉጥ በሚመስል መሣሪያ ስለነበር፣ በእኩለ ሌሊት መሣሪያ የያዙ እንግዶች ሲገቡባቸው ነዋሪዎቹ በድንጋጤ ይሸሹ ነበር። ሪስ የብርሃኑ ምንጭ ፎቶግራፉን ብቻ ሳይሆን የሚነሳውን ሰው ሁኔታ ጭምር እንደሚለውጥ ከዚህ ተረዳ። በመሆኑም ሽጉጡን ትቶ ዱቄቱን በተራ የወጥ ቤት መጥበሻ ላይ ማቀጣጠል ጀመረ።

ባልደረቦቹ በሌሊት ሥራው እየተሰላቹ ሲሄዱ ሪስ በ25 ዶላር የራሱን የፎቶግራፍ መሣሪያ ገዝቶ ሙያውን በሙከራ ተማረ። አሠራሩም ካሜራውን በመቆሚያው ላይ ማቆም፣ በጨለማ የሌንሱን ክዳን ማንሳት፣ ዱቄቱን መለኮስና ወዲያው ክዳኑን መመለስ ነበር። ጢሱ ክፍሉን ስለሚሞላው ሁለተኛ ዕድል እምብዛም አይገኝም። ዱቄቱ አደገኛም ነበር። ሪስ ሁለት ጊዜ ፎቶግራፍ የሚያነሳበትን ቤት፣ አንድ ጊዜም የገዛ ልብሱን አቃጥሏል። በዚያው አጋጣሚ ዓይኑን ከጉዳት ያተረፈው መነጽሩ ነው።

ከእነዚህ የሌሊት ጉዞዎች በአንዱ ከጤና ጥበቃ ፖሊሶች ጋር የተጨናነቁ ማደሪያዎችን ጎበኘ። በባያርድ ጎዳና በሚገኝ፣ በየአቅጣጫው 4 ሜትር ያህል እንኳ በማይሞላ ክፍል ውስጥ 12 ወንዶችና ሴቶች ተኝተው አገኘ። የጉብኝቱ ሪፖርት በማግስቱ ለጤና ቦርዱ ሲቀርብ የረባ ትኩረት አላገኘም። ከጨለማ ክፍል ወጥተው ገና ያልደረቁት የሪስ ኔጋቲቮች ሲቀርቡ ግን ጉዳዩን ማስተባበል የሚቻል አልሆነም።

ሪስ ከ1888 ጀምሮ ፎቶግራፎቹን በስላይድ እያሳየ በየአዳራሹ ንግግር አደረገ። በ1890 ደግሞ የሌላው ግማሽ ሕዝብ ኑሮ ምን እንደሚመስል የሚያሳየውን ታዋቂ መጽሐፉን አሳተመ። በ1891 በቀን ብርሃን ፊቱን ወደ ክሮተን የውኃ ተፋሰስ አዞረ። የከተማዋ የመጠጥ ውኃ ምንጭ በፍሳሽ ቆሻሻ ሲበከል የሚያሳዩ ፎቶግራፎችን አንስቶ በኢቭኒንግ ሰን ጋዜጣ ዘገበ። ከተማዋም ምንጩን ለመጠበቅ በአካባቢው ያለውን መሬት ለመግዛት ከፍተኛ ገንዘብ አወጣች።

መጽሐፉን አንብበው ለመርዳት ፈቃደኝነታቸውን ከገለጹለት መካከል፣ በኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆኑት ቴዎዶር ሩዝቬልት ይገኙበታል። ሩዝቬልት በ1895 የኒውዮርክ ፖሊስ ኮሚሽነሮች ቦርድ ፕሬዚዳንት ሲሆኑ ከሪስ ጋር በሌሊት እየተዘዋወሩ ሁኔታውን በዓይናቸው ተመለከቱ። ሪስ በወጣትነቱ የተበደለባቸው የፖሊስ ጣቢያ ማደሪያዎችም በ1896 ተዘጉ። በመጥፎ ገጽታው ይታወቅ የነበረው የመልበሪ ቤንድ መንደር ፈርሶ በቦታው በ1897 የሕዝብ መናፈሻ ተከፈተ። በ1901 የወጣው የኪራይ ሕንፃዎች ሕግም አዳዲስ ሕንፃዎች በቂ ብርሃንና አየር እንዲኖራቸው አስገደደ። ሕጉ የብዙዎች ትግል ውጤት ቢሆንም የሪስ ድርሻ ጉልህ እንደነበር ይታመናል።

የሪስ ሥራ ከነቀፌታ ነፃ አይደለም። በጽሑፎቹ ውስጥ ስለ ቻይናውያን፣ አይሁዳውያን፣ ጣሊያናውያንና ሌሎች ስደተኞች የሰነዘራቸው የጅምላ ፍረጃዎች ዛሬ ተቀባይነት የላቸውም። በእንቅልፍ ላይ ያሉ ሰዎችን ሳያስፈቅድ ማንሳቱም ለድሆች ክብር ይታገል ከነበረ ሰው የማይጠበቅ ነው በሚል ያስተቸዋል።

ሪስ ግንቦት 26 ቀን 1914 በማሳቹሴትስ ግዛት በባሬ ከተማ አረፈ። ራሱን ከፎቶግራፍ አንሺነት ይልቅ በዘጋቢነት ያይ ስለነበር፣ የመስታወት ኔጋቲቮቹ ከሞቱ በኋላ ለብዙ ዓመታት ተረስተው ቆዩ። በ1940ዎቹ አሌክሳንደር አላንድ በተባለ ፎቶግራፍ አንሺ ጥረት ተገኝተው ለኒውዮርክ ከተማ ሙዚየም ተሰጡ። በመጥበሻ ላይ በነደደ ዱቄት ብርሃን የተነሱት እነዚህ ምስሎች፣ የከተማ አስተዳደር ከመዝገቡ ባሻገር ምን ሊመለከት እንደሚገባው የሚያሳዩ ማስረጃዎች ሆነው በሙዚየሙ ይገኛሉ።