የሙያውን አጥር ያለፈው ፕሮፌሰር

ወደ ማንኛውም ዩኒቨርሲቲ የመሬት ሳይንስ ክፍል ብንሄድ ፕሮፌሰሮቹን በየዘርፋቸው ተከፋፍለው እናገኛቸዋለን። አንዱ ዓለት ያጠናል፣ ሌላው የመሬት መንቀጥቀጥ፣ ሦስተኛው የከርሰ ምድር ውሃ፣ አራተኛው አየርና ዝናብ። ክፍፍሉ የራሱ ጥቅም አለው፤ ሁሉን ልያዝ የሚል ሰው አንዱንም በወጉ አይዝም። ዛሬ ታሪኩን የምናቀርብላችሁ ጀርመናዊው አልፍሬድ ቬገነር ግን በዚህ ክፍፍል ምክንያት ለብዙ ዓመታት ወንበር ያጣ ምሁር ነበር። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ቬገነር በ1880 በርሊን ከተማ ተወለደ። አባቱ የሃይማኖት ሰውና መምህር ነበሩ። በ1905 በሥነ ፈለክ የዶክትሬት ማዕረግ ቢያገኝም ልቡ ያዘነበለው ከከዋክብቱ ይልቅ ወደ አየር ጠባይ ጥናት ነበር። በ1906 ከወንድሙ ከኩርት ጋር በባሉን ከ52 ሰዓት በላይ አየር ላይ በመቆየት የጊዜውን ክብረ ወሰን ሰበሩ። በዚያው ዓመት ከዴንማርክ አጥኚዎች ጋር ወደ ግሪንላንድ ተጓዘ። የጉዞው መሪና ሁለት ባልደረቦቹ በረዶው ላይ ሲቀሩ እሱ በ1908 በሕይወት ተመለሰ። ከዚያም በማርቡርግ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመረ፤ በ1911 ስለ ከባቢ አየር የሙቀት ሕግጋት ያሳተመው መጽሐፍም በሙያው ስም አስገኘለት።

እዚያው ላይ ቢያቆም ኖሮ ማንም አይነካውም ነበር። ነገር ግን በዚያው ዓመት በቤተ መጻሕፍት ውስጥ አንድ ጽሑፍ እጁ ገባ። በአትላንቲክ ውቅያኖስ ግራና ቀኝ አንድ ዓይነት ቅሪተ አካላት እንደሚገኙ የሚገልጽ ነበር። የብራዚልና የአፍሪካ ዳርቻዎች ካርታ ላይ ሲታዩ እንደሚገጣጠሙ ከዚያ በፊት አስተውሎ ነበር። የዘመኑ ሊቃውንት ነገሩን የሚያስረዱት በአንድ ወቅት አህጉራቱን ያገናኝ የነበረ የመሬት ድልድይ ኋላ ባህር ውስጥ ሰጠመ በማለት ነበር። ቬገነር ግን አህጉራቱ ራሳቸው አንድ ነበሩ፣ ኋላ ተለያዩ አለ። ማስረጃዎቹንም ከየዘርፉ ለቀመ፦ በደቡብ አፍሪካና በደቡብ አሜሪካ ብቻ የተገኘውን ሜሶሳውረስ የተባለ ትንሽ የውሃ እንስሳ፣ በዛሬዋ ሞቃት ህንድ ውስጥ የጥንት በረዶ ፍቆ ያለፈባቸውን ዓለቶች፣ ከውቅያኖሱ ወዲያና ወዲህ የሚቀጥሉ ተራሮችን። የተቀደደ ጋዜጣ ጠርዝ ለጠርዝ ሲገጠም ጽሑፉም መስመር ለመስመር ከገጠመ ገጹ አንድ እንደነበር ይታወቃል፤ የእሱም ክርክር ይኸው ነበር። ሐሳቡን በጥር 1912 ፍራንክፈርት ላይ አቀረበ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሁለት ጊዜ ቆስሎ፣ በሕክምና ፈቃድ ላይ ሳለ መጽሐፉን ጽፎ በ1915 አሳተመ።

ተቃውሞው ከባድ ነበር። ታዋቂው የአየር ንብረት ሊቅ አማቱ ቭላድሚር ኮፐን እንኳ በመጀመሪያ በሙያህ ላይ ብትወሰን ይሻልሃል ብለው መክረውት ነበር፤ በኋላ ግን ሐሳቡን ተቀብለው በ1924 አብረው መጽሐፍ አወጡ። ለእውነት እንመስክርና ተቃዋሚዎቹ ሁሉ በቅናት የተነሱ አልነበሩም። አህጉርን የሚያህል ነገር ምን ኃይል ይገፋዋል ለሚለው ጥያቄ ቬገነር የሰጠው መልስ ደካማ ነበር፤ እንግሊዛዊው ሃሮልድ ጄፍሪስ ኃይሉ እጅግ አነስተኛ መሆኑን በሒሳብ አሳይቷል። ያም ሆኖ ብዙዎቹ ያዩት የሰውየውን ሙያ እንጂ ማስረጃውን አልነበረም። የአየር ጠባይ አጥኚ ስለ ዓለት ምን አግብቶት ነው የሚል ነበር ነገሩ።

በጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች የፕሮፌሰርነት ወንበር ሳያገኝ ቆየ። በየትኛው ዘርፍ እንደሚመደብ ግራ ያጋባ ነበርና። እኛ በማኅበራዊ ሥራ ላይ የተሰማራን ሰዎች ይህን ስናነብ በየቢሮው የሚሞሉት ቅጾች ትዝ ይሉናል። ከአገር ቤት ቀጥቃጭነት፣ ሸማኔነት፣ ሽምግልና ይዞ የመጣ አባት ለሙያው የሚሆን መስመር ቅጹ ላይ ያጣና ሙያ የሌለው ተብሎ ይመዘገባል። ለቬገነር መስመሩን የከፈተችለት ኦስትሪያ ናት፤ በ1924፣ በ43 ዓመቱ፣ በግራትስ ዩኒቨርሲቲ የሚትዮሮሎጂና የጂኦፊዚክስ ፕሮፌሰር ሆነ። ሁለቱ ዘርፎች በአንድ ወንበር ላይ ተቀመጡ ማለት ነው።

በ1930 የራሱን ቡድን እየመራ ወደ ግሪንላንድ ተመለሰ። ከባህር ዳርቻው 400 ኪሎ ሜትር ርቆ በበረዶው መካከል የሚከርሙ ባልደረቦቹ ስንቅ እንዳያጥራቸው ስለሰጋ በመስከረም ወር 15 የውሻ ጋሪ ይዞ ተነሳ። ከአካባቢው ተወላጆች አብዛኞቹ በብርዱ ምክንያት ከመንገድ ተመለሱ። ጥቅምት 30 ቀን የደረሱት ሦስት ሰዎች ብቻ ነበሩ፦ ቬገነር፣ ግሪንላንዳዊው ወጣት ራስሙስ ቪሉምሰንና ፍሪትዝ ሎቨ። የሎቨ የእግር ጣቶች በብርዱ ስለሞቱ በኪስ ቢላዋ ተቆረጡ፤ እሱም እዚያው ከረመ። ይህ ሰው ከአይሁድ ቤተሰብ የተወለደ ሲሆን ናዚዎች ሥልጣን ከያዙ በኋላ ከጀርመን ተሰድዶ በአውስትራሊያ ሜልቦርን ዩኒቨርሲቲ የሚትዮሮሎጂ ክፍልን መሠረተ።

ቬገነር 50 ዓመት በሞላው ቀን፣ ኅዳር 1፣ ከቪሉምሰን ጋር የመልስ ጉዞ ጀመረ። ሁለቱም አልደረሱም። የቬገነር አስከሬን በግንቦት 1931 በጥንቃቄ በረዶ ውስጥ ተቀብሮ ተገኘ፤ የቀበረው ቪሉምሰን ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም። ስለ ቬገነር ሲጻፍ የዚህ የ23 ዓመት ወጣት ስም ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ እኛ መዝለል አልፈለግንም።

ሐሳቡ የተረጋገጠው ከሞቱ ከ30 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የውቅያኖስ ወለል ሲጠና መሬት እዚያ እየተሰነጠቀች አዲስ ወለል እንደምትፈጥር ታወቀ፤ የጎደለውም ኃይል ከምድር ውስጣዊ ሙቀት ጋር የተያያዘ ሆኖ ተገኘ። ቬገነር በመጽሐፉ ያነሳው የአፋር ሦስት ማዕዘን በመስከረም 2005 ይህንን በገሃድ አሳይቷል፤ በዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ያህል መሬት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እስከ 8 ሜትር ድረስ ተከፈተ።

እዚህ እስራኤልም ምልክቱ አለ። የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ራፋኤል ፍሮይንድ በሰፊው እንዳጠኑት፣ ከኤይላት በሙት ባህር (ያም ሃመላህ) በኩል ወደ ሰሜን የሚሄደው ስንጥቅ ምሥራቁን ወገን 105 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ወስዶታል። ከኤይላት በላይ ያለው የቲምና መዳብና በዮርዳኖስ በኩል ያለው የፌናን መዳብ በአንድ ወቅት ጎን ለጎን ነበሩ። ዛሬ በመካከላቸው ያለው ርቀት ይኸው 105 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።