ቅድስት ማክሪና በኀዘን ቤት

ከ14ቱ ቅዳሴያት አንዱ በስሙ ስለሚጠራ የታላቁ የቅዱስ ባስልዮስ ስም ለምእመናን እንግዳ አይደለም፤ የኑሲሱ ጳጳስ ቅዱስ ጎርጎርዮስም ወንድሙ እንደ ሆነ ብዙዎች ያውቃሉ። የሁለቱን ታላቅ እኅት ማክሪናን ግን የምናነሣት ከስንት አንድ ጊዜ ነው። ዛሬ ታሪኳን ለመጻፍ ያሰብነው፥ ዘመድ የሞተበት ክርስቲያን ማልቀሱ ሃይማኖቱን መካድ መስሎት ሲጨነቅ፥ ወይም ትንሣኤን በአፉ እየመሰከረ ተስፋ እንደሌለው ሰው ፊቱን ሲነጭ ብዙ ጊዜ ስለምናይ ነው።

ማክሪና የተወለደችው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ327 ዓመት ገደማ ነው። የአባቷ ወላጆች በስደት ዘመን በጳንጦስ ዱር ተሸሽገው ሃይማኖታቸውን የጠበቁ ነበሩ። እናቷ ኤሚልያ ቅዱሳት መጻሕፍትን አስተማረቻት፤ ዳዊትንም በየሰዓቱ ትደግም ነበር። ዕድሜዋ 12 ዓመት ሲሆን አባቷ ለአንድ ደግ ወጣት አጫት፤ ነገር ግን ሠርጉ ሳይደርስ ወጣቱ ሞተ። ወላጆቿ ሌላ ሊያጩላት ቢጥሩ አልተቀበለችም። እጮኛዋ በትንሣኤ ተስፋ በእግዚአብሔር ዘንድ ሕያው እንደ ሆነ፥ ሩቅ አገር እንደ ሄደ መንገደኛ እንጂ እንደ ሞተ እንደማትቈጥረው፥ መንገድ የሄደን ሰው መክዳት ደግሞ ነውር መሆኑን ነገረቻቸው። ይህ የልጅነት ቃል ብቻ አልነበረም፤ እስከ ዕለተ ዕረፍቷ በድንግልና ጸንታ ጠብቃዋለች።

አብልጣ የምትወደው ወንድሟ ናውክራጥዮስ፥ በዱር ተቀምጦ ድኆች ሽማግሌዎችን በአደኑ ሲመግብ፥ በ27 ዓመቱ ገደማ በድንገት ሞተ። ኤሚልያ መርዶውን ስትሰማ ቃል ሳትተነፍስ ወደቀች። ማክሪናም ሰው ናትና ኀዘኑ አቃጠላት፤ ሆኖም የእናቷን ድካም በራሷ ጽናት ደግፋ አነሣቻት።

በ379 መጀመሪያ ላይ ባስልዮስ ዐረፈ። በዚያው ዓመት ጎርጎርዮስ ከአንጾኪያ ጉባኤ ሲመለስ፥ ኀዘኑን ሊካፈላት በኢሪስ ወንዝ አጠገብ ወደ ነበረው የደናግል ገዳሟ ሄደ። ከተያዩ 8 ዓመት ያህል ሆኗቸው ነበር። እርስዋን ግን በንዳድ ታማ፥ በመሬት ላይ በተነጠፈ ሳንቃ ተኝታ አገኛት። ኀዘን በኀዘን ላይ ተጨመረበት። እርስዋም ወዲያው አልገሠጸችውም፤ ብልህ ፈረሰኛ የደነበረ ፈረሱን ጥቂት ለቆት በኋላ በልጓም እንደሚመልሰው፥ እንባው እስኪወርድለት ታግሣ ከዚያ በቃል መለሰችው። ይህን ትዕግሥት ለቅሶ ቤት ገብተው ለማጽናናት የሚቸኵሉ ሁሉ ቢማሩት እንወዳለን።

ጎርጎርዮስም የተጠራጣሪ ሰው ጥያቄዎችን አቀረበላት፤ ነፍስ ከሥጋ ስትለይ ወዴት እንደምትሆን፥ አፈር ሆኖ የተበተነውም ሥጋ እንዴት እንደሚሰበሰብ ጠየቃት። ልዩ ልዩ የሸክላ ዕቃ ተሰብሮ ገሉ ቢደባለቅ ባለቤቱ የራሱን ለይቶ እንደሚያውቅ፥ ነፍስም የገዛ ሥጋዋን እንደማትስት አስረዳችው፤ በመሬት ወድቃ የምትበቅለውንም የስንዴ ቅንጣት አስታወሰችው። እርሱ ስለ ነፍስና ስለ ትንሣኤ በጻፈው መጽሐፍ መምህርት ብሎ ይጠራታል።

በማግሥቱ ምሽት፥ መኝታዋ ወደ ምሥራቅ ዞሮ ሳለ፥ መብራት ሲገባ የሠርክ ጸሎት ለማድረስ ከንፈሯን አንቀሳቀሰች፤ ዓይኗን አፏንና ልቧን አማትባ ዐረፈች። በረኀብ ዘመን ከመንገድ አንሥታ ያሳደገቻቸው ደናግል እናታችን እያሉ ጮኹ። ጎርጎርዮስም አብሮ አለቀሰ፤ ቆይቶ ግን ልቅሶው በመዝሙር እንዲለወጥ አደረገ። በአንገቷ ላይ የብረት መስቀልና ከጌታ መስቀል ቅንጣት የያዘ የብረት ቀለበት ተገኘ፤ ሌላ ሀብት አልነበራትም።

የተቀበረችው የሰባስትያ 40 ሰማዕታት በሚታሰቡበት ቤተ ክርስቲያን፥ በወላጆቿ መቃብር ነው። መቃብሩ ሊከፈት ሲል ጎርጎርዮስ የአባቱና የእናቱ መልክ ፈርሶ እንዳያይ ፈራ። ስለ ትንሣኤ ያን ሁሉ ሰምቶ እንኳ ፈራ፤ ይህንንም ሳይደብቅ ስለ ጻፈልን እናመሰግነዋለን። እንደ ተከፈተም ሁለቱን በንጹሕ በፍታ አስሸፈነ፤ ከዚያም ከአገሩ ጳጳስ ጋር ሆኖ እኅቱን በእናቷ ጎን አኖራት፤ እናትና ልጅ ዕድሜያቸውን ሁሉ ይህንኑ ሲለምኑ ኖረው ነበርና። ሥርዐቱ ሁሉ ሲፈጸም ጎርጎርዮስ በመቃብሩ ላይ ወድቆ አፈሩን ሳመ፤ እያለቀሰም ወደ አገሩ መንገድ ጀመረ።