የጥንቱን ባሕር አሻራ በኢትዮጵያ ደጋ ላይ ያነበቡት ዊሊያም ብላንፎርድ

በኢትዮጵያ የሥነ ምድር ጥናት ታሪክ ውስጥ ስማቸው ቀድሞ ከሚነሳ ተመራማሪዎች አንዱ እንግሊዛዊው ዊሊያም ቶማስ ብላንፎርድ ናቸው። የአዲግራት የአሸዋ ድንጋይ እና የአንታሎ የኖራ ድንጋይ የተሰኙት፣ ዛሬም በየዩኒቨርሲቲው የሚሠራባቸው ስያሜዎች የእርሳቸው ናቸው።

ብላንፎርድ እ.ኤ.አ. በ1832 ለንደን ውስጥ ተወለዱ። በለንደን የማዕድን ትምህርት ቤት ከተማሩ በኋላ በጀርመን ፍራይበርግ ትምህርታቸውን ቀጠሉ። እ.ኤ.አ. በ1855 ከወንድማቸው ከሄንሪ ጋር ወደ ሕንድ በመሻገር በሀገሪቱ የጂኦሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤት ሥራ ጀመሩ። በዚያም ታልቺር በተባለው የድንጋይ ከሰል ሥፍራ ጥንታዊ የበረዶ ግግር አሻራ መኖሩን አስረዱ፤ በምዕራብ ሕንድ የሚገኙትን ሰፋፊ የባዛልት ንጣፎችም አጠኑ።

ወደ ኢትዮጵያ ያመጣቸው ጦርነት ነበር። አፄ ቴዎድሮስ ያሰሯቸውን አውሮፓውያን ለማስፈታት በጄኔራል ሮበርት ናፒየር የተመራው የእንግሊዝ ጦር በዛሬዋ ኤርትራ ዙላ ላይ ሲሰፍር፣ ብላንፎርድ የዘመቻው ጂኦሎጂስት ሆነው ተመደቡ። ጦሩ በሰንዓፌ፣ በአዲግራት፣ በአንታሎና በአሸንጌ ሐይቅ በኩል አልፎ ወደ መቅደላ ተጓዘ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ እጅ አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ሰዉ። የእንግሊዝ ጦርም የመቅደላን ቅርስ ዘርፎ ሲመለስ፣ ብላንፎርድ በበኩላቸው የድንጋይና የእንስሳት ናሙናዎችን ይዘው ተመለሱ።

የጉዞው መስመር ለተመራማሪው እንደ ተገለጠ መጽሐፍ ነበር። ከሥር ጥንታዊ አለቶች፣ ከዚያ በላይ የአዲግራት የአሸዋ ድንጋይ፣ ቀጥሎም የባሕር እንስሳት ቅሪተ አካል የሞላበት የአንታሎ የኖራ ድንጋይ ተደርድረዋል። ብላንፎርድ የኖራ ድንጋዩ በጁራሲክ ዘመን የተፈጠረ መሆኑን ከቅሪተ አካሉ ለዩ። ከላይ ያለውን የእሳተ ገሞራ አለት ደግሞ የአሸንጌ እና የመቅደላ ምድብ ብለው ከፈሉት። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1870 በመጽሐፍ አሳተሙ።

ይሁን እንጂ አንድ ጥያቄ ሳይፈታ ቆየ። በባሕር ወለል ላይ የተጠራቀመ ደለል ከ2000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ እንዴት ሊገኝ ቻለ? መልሱ የተገኘው ከእርሳቸው ሞት በኋላ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ከምድር ቅርፊት በታች ያለው ማንትል የተባለው ክፍል ጠጣር ቢሆንም በሚሊዮን ዓመታት ሂደት በዝግታ ይንቀሳቀሳል። ግለቱ ቀንሶ ወደ ታች በሚሰምጥበት ሥፍራ ምድሪቱ ዝቅ ስለምትል ባሕር ይገባባታል፤ ግሎ ሲወጣ ደግሞ ምድሪቱን ያነሳታል፤ ባሕሩም ይሸሻል። በመሆኑም በአንድ ሥፍራ የተገኘ የባሕር ደለል ውኃው ከፍ ማለቱን ወይስ ምድሪቱ ዝቅ ማለቷን ብቻውን አይናገርም። በኢትዮጵያ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከጥልቁ የወጣው ግለት ከፍተኛ የባዛልት ጎርፍ አስከትሏል፤ ለደጋው ከፍ ማለትም ምክንያት እንደሆነ ይታመናል።

ይህ ታሪክ ለአዲስ አበባ ነዋሪም ሩቅ አይደለም። በእንጦጦና በወጨጫ ተራሮች አቅራቢያ የሚገኘው የኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ የተመሠረተው በእሳተ ገሞራ አለት ላይ ነው። ለቤት መሠረት የሚፈለጠው ጥቁር ድንጋይም ከዚሁ ወገን ነው። የጥንቱ ባሕር የኖራ ድንጋይ ግን በዓባይና በሙገር ሸለቆዎች ወንዞቹ ባዛልቱን ሰንጥቀው ባለፉበት ይታያል። የሙገር ሲሚንቶ ጥሬ ዕቃም ይኸው የኖራ ድንጋይ ነው። በመሆኑም በከተማዋ በሚገነቡ ቤቶች ውስጥ የእሳተ ገሞራው ድንጋይና የጥንቱ ባሕር ደለል ጎን ለጎን ይገኛሉ።

ብላንፎርድ ከኢትዮጵያ መልስ በፋርስም ጥናት አካሂደዋል። እ.ኤ.አ. በ1874 የእንግሊዝ ሮያል ሶሳይቲ አባል ሆኑ፤ እ.ኤ.አ. በ1883 የጂኦሎጂ ማኅበሩን የወላስተን ሜዳሊያ ተሸለሙ፤ ከ1888 እስከ 1890 ደግሞ ማኅበሩን በፕሬዚዳንትነት መርተዋል። እ.ኤ.አ. ሰኔ 23 ቀን 1905 ለንደን ውስጥ አረፉ። የተሳተፉበት ዘመቻ በኢትዮጵያውያን ዘንድ በመራራነቱ ሲታወስ፣ አዲግራት፣ አንታሎ፣ አሸንጌና መቅደላ የተባሉት ስሞች ግን በእርሳቸው ሥራ አማካይነት በዓለም የሥነ ምድር መዝገብ ላይ ሰፍረው ቀርተዋል።