ቡርክሃርት፦ በጅዳና በመካ ቁጥር የለቀመው መንገደኛ

ኢኮኖሚክስም ይሁን ሕክምና፣ እርሻም ይሁን የኅብረተሰብ ሳይንስ የሚያጠና ተማሪ ሁሉ የስታቲስቲክስ መግቢያ ትምህርት ሳይገጥመው አይቀርም። ትምህርቱ ብዙ ጊዜ በቀመር ስለሚጀመር፣ ቃላቱ ለምን እንዳስፈለጉ ሳንረዳ ፈተናውን እናልፋለን። ስለዚህ ከዚህ በታች የምናቀርበው የቀመር ማብራሪያ ሳይሆን የአንድ ሰው የሕይወት ታሪክ ነው። ሰውየው የስታቲስቲክስ ሊቅ አልነበረም። ሆኖም በጅዳና በመካ ያደረገው ቆጠራና ግምት የትምህርቱን መሠረታዊ ቃላት አንድ በአንድ ያሳየናል። የእኛም ወገኖች በቁጥሮቹ ውስጥ አሉበት። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ዮሐን ሉድቪግ ቡርክሃርት በ1784 በስዊስ አገር በሎዛን ከተማ ተወለደ። ቤተሰቡ የባዝል ሰዎች ነበሩ። በላይፕሲግና በጌቲንገን ዩኒቨርሲቲዎች ከተማረ በኋላ በ1806 ወደ እንግሊዝ አገር ተሻገረ። የአፍሪካን መካከለኛ ክፍል ለማወቅ በለንደን የተቋቋመው የአፍሪካ ማኅበር ለጉዞ መለመለው፤ በካምብሪጅም ዐረብኛ ተማረ። በ1809 ከእንግሊዝ ተነሥቶ ሶርያ ገባና ከሁለት ዓመት በላይ ቋንቋውንና የአገሩን ልማድ ሲያጠና ቆየ። ስሙንም ሼህ ኢብራሂም አለ። በ1812 የጥንቷን የፔትራ ከተማ ፍርስራሽ ለአውሮፓ አስታወቀ፤ በ1813 ደግሞ በኑብያ የአቡ ሲምበልን ታላቅ መቅደስ አየ።

በ1814 ከላይኛው ግብፅ ከነጋዴዎች ጋር ተጉዞ በናይል ዳር ወደምትገኘው ወደ ሸንዲ ደረሰ። ሸንዲ በዚያን ጊዜ የባሪያ ንግድ ትልቅ ገበያ ነበረች። ቡርክሃርት በዓመት ወደ 5,000 የሚሆኑ ሰዎች በዚያ እንደሚሸጡ ገመተ፤ ከእነዚህ ውስጥ 2,500 ያህሉን የሱዋኪን ነጋዴዎች፣ 1,500 ያህሉን የግብፅ ነጋዴዎች እንደሚወስዱ ጻፈ። ነጋዴዎቹ ሰውን በዕድሜና በቁመት ከፋፍለው ለእያንዳንዱ መደብ ዋጋ ያወጡ ነበር። በስታቲስቲክስ ቋንቋ የዕድሜ መደቡ አንድ ተለዋዋጭ ነው፤ ዋጋው ሌላ ተለዋዋጭ ነው። የመጀመሪያው በመደብ ይገለጻል፣ ሁለተኛው በቁጥር ይለካል። ልዩነቱ በመማሪያ መጻሕፍት ሲነበብ ቀላል ነው፤ እዚያ ገበያ ላይ ግን የሰው ልጅ ዕጣ የሚወሰንበት ነበር።

መንገደኛው ራሱም ከዚህ ንጹሕ አልነበረም። በሸንዲ 14 ዓመት ገደማ የሆነውን አንድ ልጅ በ16 የብር ዶላር ገዛ። በሱዋኪን አድርጎ ባሕሩን ተሻግሮ በሐምሌ 1814 ጅዳ ሲደርስ ንዳድ ጣለው። ከካይሮ ይዞት የመጣውን የገንዘብ ወረቀትም ነጋዴው አልከፍልም አለው። በዚህ ጊዜ ያንን ልጅ በ48 ዶላር ሸጠ፤ ትርፉ የአራት ወር ጉዞውን ወጪ ሊሸፍንለት ጥቂት እንደ ቀረውም በደብተሩ አሰፈረ። ሦስት እጥፍ ዋጋ ማለት ነው። ስለ ልጁ ግን ከዋጋው በቀር የምናውቀው እጅግ ጥቂት ነው።

ከሕመሙ ሲያገግም የጅዳን ዋና መንገድ ሱቆች በየዓይነታቸው ቆጠረ። 31 የትምባሆ፣ 27 የቡና፣ 21 የቅቤ፣ 18 የአትክልትና የፍራፍሬ፣ 18 የመድኃኒትና የቅመማ ቅመም፣ 8 የተምር መሸጫዎችን ከሌሎች ብዙ ዓይነቶች ጋር መዝግቧል። የድግግሞሽ ሰንጠረዥ የሚባለው ይኸው ነው፤ በአንድ ወገን ዓይነቱ፣ በሌላው ወገን ስንት ጊዜ እንደ ተገኘ ይጻፋል። እነዚህ ስድስቱ ብቻ ቢደመሩ 123 ይሆናሉ፤ ትምባሆ ከመቶ 25፣ ቡና ከመቶ 22 ያህል ይይዛል። ብዙ ጊዜ የተደጋገመው ዓይነት፣ ማለትም ትምባሆ፣ የስርጭቱ ሞድ ይባላል።

ስለ ቡናም አንድ ጠቃሚ ነገር መዝግቧል፦ በሒጃዝ በቀን ሃያና ሠላሳ ስኒ የሚጠጣ ሰው ብርቅ አልነበረም፤ የመጨረሻው ድሃ ሠራተኛ እንኳ ከሦስትና ከአራት ስኒ አያንስም። ይህን ይዘን አምስት ሰዎች 3፣ 3፣ 4፣ 4 እና 30 ስኒ ጠጡ እንበል። ድምሩ 44 ስለሆነ አማካዩ 8.8 ስኒ ነው፤ ነገር ግን ከአምስቱ አንዱም ዘጠኝ ስኒ አልጠጣም። በተራ ስንደረድራቸው በመሐል የሚውለው ቁጥር 4 ነው፤ ይህም መካከለኛው ቁጥር ወይም ሚዲያን ይባላል። የአንድ አገር አማካይ ገቢ አደገ ሲባል የተማረ ሰው መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው መካከለኛውስ ስንት ሆነ ብሎ ነው።

ከጅዳ ወደ ጣኢፍ ወጥቶ በዚያ ከነበረው ከግብፁ ገዥ ከመሐመድ ዓሊ ፓሻ ጋር ተገናኘ፤ ስለ እስልምናውም ተጠየቀ። ከዚያ በመስከረም ወር ወደ መካ ገባ። የጅዳን ነዋሪ ከ12,000 እስከ 15,000፣ የመካን ደግሞ ከ25,000 እስከ 30,000 ገመተ። በመካ ላይ ከ3,000 እስከ 4,000 የሚሆኑ ሐበሾችና ጥቁር ባሪያዎች አሉ ብሎ ለብቻ ጻፈ። እዚህ ላይ ሁለት ነገር እናስተውል። አንደኛ፣ አንድ ቁጥር ብቻ ሳይሆን ከዚህ እስከዚህ ብሎ መስጠቱ የሐቀኛ ግምት ምልክት ነው። ሁለተኛ፣ ሕዝብ የሚለው ቃል በስታቲስቲክስ የሚጠናው ስብስብ በሙሉ ማለት ነው፤ ማን በስብስቡ እንደሚገባ የሚወስነው ግን ቆጣሪው ነው። ወገኖቻችን ከነዋሪው ተለይተው በተጨማሪነት ተጻፉ። ጅዳም ከሐጅ በፊት ባሉት ወራት በግማሽ ያህል ትሞላ ስለ ነበር፣ መቼ ተቆጠረ የሚለው ጥያቄ ከስንት ናቸው ጥያቄ አይለይም።

ከእርሱ ሦስት መቶ ዓመት ቀደም ብሎ በሱልጣን ሰሊም ዘመን ለሕዝብ እህል ለማደል በመካ ቆጠራ ተደርጎ 12,000 ሰው መገኘቱንም ጠቅሷል። ለእህል የሚቆጠር ሰው መታየት ይፈልጋል፤ ለግብር የሚቆጠር ሰው ይደበቃል። ቁጥሩን ወደ አንድ ወገን የሚገፋ እንዲህ ያለው ኃይል አድልዎ ይባላል። የተቆጠረው ሰው ቢበዛም አድልዎው በራሱ አይጠፋም።

በዚያው ዓመት በኅዳር ሐጃጁ በአረፋት ሜዳ ሲሰበሰብ ቡርክሃርት ከኮረብታው ላይ ሆኖ ተመለከተ። በሕዝቡ ዘንድ በአረፋት የሚቆመው 600,000 ነው፣ የጎደለውን መላእክት ይሞሉታል የሚል እምነት ነበር። ይህ የእምነት ቁጥር ነው፤ የሚመልሰው ጥያቄ ከቆጣሪው ጥያቄ የተለየ ስለሆነ ከእርሱ ጋር አይጋጭም። ቡርክሃርት ወደ 3,000 ድንኳን፣ ከ20,000 እስከ 25,000 ግመል፣ በጠቅላላው ወደ 70,000 ሰው ገመተ፤ አርባ ያህል ቋንቋም ሲነገር ሰማ። ግምቱን እኛ ብናካፍለው ለአንድ ግመል ሦስት ሰው ገደማ ይደርሳል፤ የማይመስል ነገር አይደለም። የማይቆጠረውን በሚቆጠረው መመርመር የግምት መሠረት ነው።

ሌሎችም ገምተዋል። ዓሊ በይ በ1807 83,000፣ እንግሊዛዊው በርተን በ1853 50,000 ብለዋል። የሦስቱ አማካይ 67,667፣ መካከለኛው ቁጥር 70,000፣ የትልቁና የትንሹ ልዩነት 33,000 ነው። በርተን ለ1854 የሰጠው 25,000 ቢጨመር አማካዩ ወደ 57,000 ይወርዳል። ነገር ግን በርተን በ1854 ሐጅ በመካ አልነበረም፤ በ1855 መጀመሪያ ሐረር የገባው እርሱ ነው። በዓይን የታየውንና በወሬ የተሰማውን፣ የተለያየ ዓመትና የተለያየ ዘዴ ያለውን ቁጥር ደምሮ ማካፈል ሒሳቡ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ትርጉሙ ግን ባዶ ነው።

ቡርክሃርት ከሐጅ በኋላ መዲና ሄዶ ለወራት በንዳድ ተኛ፤ በ1815 ካይሮ ተመለሰ። ወደ ምዕራብ የሚሄድ ካራቫን ሲጠብቅ በጥቅምት 1817 በተቅማጥ በሽታ ሞተ። ገና 32 ዓመቱ ነበር። በሼህ ኢብራሂም ስሙ በካይሮ በእስላሞች መካነ መቃብር ተቀበረ። የሰበሰባቸውን የምሥራቅ ጽሑፎች ለካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ አወረሰ። ስለ ኑብያ የጻፈው በ1819፣ ስለ ዐረቢያ የጻፈው በ1829 ታተመ።

ዛሬ በመካ ግምት በምዝገባ ተተክቷል። የሳዑዲ የስታቲስቲክስ ባለሥልጣን በ2012 3,161,573፣ በ2024 1,833,164 ሐጃጆች እንደ ነበሩ አስታውቋል። ነገር ግን በዚያው በ2024 በከባድ ሙቀት ወቅት 1,301 ሰዎች ሲሞቱ ከመቶ 83ቱ ፈቃድ ያልነበራቸው መሆናቸውን መንግሥቱ ገለጸ። ሟቾቹ ተቆጠሩ፤ ያለፈቃድ የገባው ሕዝብ ግን ስንት እንደ ነበር አልተመዘገበም። አካፋዩ ያልታወቀ ክፍልፋይ መጠን አይሆንም፤ ስለዚህ ጥላና ውኃ ያጣው ሰው የደረሰበትን አደጋ በትክክል ማስላት አይቻልም።

ይህ ከእኛ የራቀ ጉዳይ አይደለም። በ2013 እና በ2014 ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዐረቢያ ተባረው ሲመለሱ ቁጥራቸው የታወቀው አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ሲመዘገቡ ነው። ተመላሾቹን ብቻ ጠይቆ በዚያ ስለሚኖረው ወገን ሁሉ መናገር ደግሞ አድልዎ ያለበትን ናሙና እንደ ጠቅላላው ሕዝብ መውሰድ ነው፤ ናሙና ሁሉንም የሚወክለው እያንዳንዱ የመመረጥ ዕድል ሲኖረው ነው። በአገራችንም የመጀመሪያው የሕዝብ ቆጠራ በ1984 ሲካሄድ፣ ጦርነት በነበረባቸው ብዙ የኤርትራና የትግራይ ክፍሎች ቆጣሪ ሊደርስ ስላልቻለ ቁጥሩ በግምት ተሞልቷል። ከ1994 እና ከ2007 ቆጠራዎች በኋላ አራተኛው በየጊዜው ሲተላለፍ ቆይቷል።

በውጭ አገር ስታቲስቲክስ የምንማር ሁሉ ከቡርክሃርት ሁለት ነገር እንውሰድ። በትጋቱ እንምሰለው፤ ያየውን ቆጠረ፣ ያልቆጠረውን ከዚህ እስከዚህ ብሎ ገመተ። በጅዳ ያደረገውን ግን አንርሳ። ያ ልጅ በደብተሩ ውስጥ በሁለት ዋጋ ተመዝግቧል፤ አንድ ጊዜ በ16፣ አንድ ጊዜ በ48። ሰንጠረዥ በሠራን ቁጥር ከእያንዳንዱ አሐዝ በስተጀርባ ማን እንዳለ፣ ከሰንጠረዡ ውጭም ማን እንደ ቀረ እንጠይቅ።