ቅዱስ ዮስጢኖስ ዘያዕቆብ በባሕር ጠረፍ መንደር

በሮቤ፣ በጎባና በመላው የባሌ ደጋ የምንኖር ምእመናን ባሕርን የምናውቀው በወሬ ነው። በአጠገባችን የሚወርደው የወይብ ውኃ ግን በዶሎ አካባቢ ከገናሌ ጋር ተቀላቅሎ፣ ጁባ ተብሎ ሕንድ ውቅያኖስ ይገባል። ወንጌልን ይዘው የመጡት የካቶሊክ ሐዋርያት ጉዞ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነበር፤ ከባሕር ተነሥተው ወደ ደጋ ወጡ። ስለዚህ በዚህ እትማችን በሐሳብ ወደ ቀይ ባሕር ዳርቻ ወርደን እምኩሉ የምትባለውን መንደርና በእርሷ የኖረውን ቅዱስ እንጎበኛለን። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እምኩሉ ከምጽዋ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ የምትገኝ ሞቃት መንደር ናት። ነዋሪዎቿ በአብዛኛው ሙስሊሞች ነበሩ። ምጽዋ ደሴት ስለሆነች የሚጠጣ ውኃ አልነበራትም፤ ከእምኩሉ ጉድጓዶች የተቀዳ ውኃ በእርኮት እየተጫነ ይወሰድላት ነበር።

ቅዱስ ዮስጢኖስ የተወለደው ኦክቶበር 9 ቀን 1800 በደቡብ ኢጣልያ፣ ሳን ፌሌ በተባለች የተራራ ከተማ ነው። ስለዚህ እርሱም እንደ እኛ የደጋ ልጅ ነበር። በቅዱስ ቪንሰንት ማኅበር ገብቶ በ1824 ቅስናን ተቀበለ። በ1839 የሐበሻ የመጀመሪያው ሐዋርያዊ ፕሪፌክት ሆኖ ምጽዋ ደረሰና ወደ አድዋ ወጣ። የአገሩን ቋንቋ ተማረ፤ እንደ አገሩ መነኮሳት ለበሰ፤ የሕዝቡን ምግብ በላ። የላቲንን ሥርዓት በሰው ላይ ሳይጭን የግዕዙን ሥርዓተ አምልኮ አከበረ። በአዲግራት አጠገብ በጓላም የአገር ተወላጅ ካህናት የሚሠለጥኑበትን ቤት አቋቋመ።

ተቃውሞ በበረታ ጊዜ ግን የደከመበትን ሁሉ ትቶ ወደ ጠረፍ ለመውረድ ተገደደ። ከደጋ የተባረረው ካህን መጠጊያ ያገኘው በእምኩሉ ነበር። ጵጵስና ከተሰጠው በኋላ አይገባኝም እያለ ለረጅም ጊዜ እምቢ ብሎ ነበር፤ በመጨረሻ በጃንዋሪ 1849 በምጽዋ፣ ያለ ክብረ በዓልና በስውር፣ በአቡነ ማስያስ እጅ ተቀባ። አቡነ ማስያስ በ1846 ለኦሮሞ ሕዝብ የተቋቋመው ሐዋርያዊ ቪካሪያት የመጀመሪያ ኃላፊ ነበሩ። በ2012 ከመቂ ተለይቶ የተቋቋመው የሮቤ ሐዋርያዊ ፕሪፌክቸርም የዘር ሐረጉ በመቂና በሐረር በኩል ከዚሁ ቪካሪያት ይመዘዛል።

አቡነ ያዕቆብ ጵጵስናን ተቀብሎ በጠረፍ አልተቀመጠም። እንደገና ወደ ደጋ ወጣ። በ1851 ሊቁን ገብረ ሚካኤልን ቅስና ሾመው። በ1854 በጎንደር ታሰረ፤ ከአገርም እንዲወጣ ተደረገ። ገብረ ሚካኤል ግን በእስር ተንገላትቶ በ1855 ዐረፈ። ይህን የምናነሣው የዚያን ዘመን ጥል ለመቀስቀስ አይደለም፤ ዛሬ ከኦርቶዶክሳውያን ወንድሞቻችን ጋር በፍቅር ልንኖር ይገባናልና። የምናነሣው አባትየው የልጁን ሞት በልቡ ይዞ ሥራውን እንዳልተወ ለማሳየት ነው።

በ1860 ዳግመኛ ወደ ጠረፍ ተገፍቶ በእምኩሉ ሳለ በንዳድ ታመመ። የጁላይ ሙቀት ሲጸናበት፣ ደጋ አየር ይሻለዋል ተብሎ ከደቀ መዛሙርቱ ጋር ወደ ሐላይ ጉዞ ጀመረ። ሳይደርስ አሊጋዴ በተባለው ሸለቆ ኃይሉ አለቀ። ጁላይ 31 ቀን፣ ቤት በሌለበት ምድረ በዳ፣ ልጆቹ እያለቀሱ ከብበውት ነፍሱን ለፈጣሪው ሰጠ። አስከሬኑ በሕቦ ተቀበረ። ር.ሊ.ጳ. ጳውሎስ ስድስተኛ በኦክቶበር 26 ቀን 1975 ቅድስናውን ዐወጁ።

የእምኩሉ ታሪክ በዚህ አላበቃም። በ1893 ኦነሲሞስ ነሲብ ወደ ኦሮምኛ የተረጎመው ሐዲስ ኪዳን የታተመው በዚችው መንደር፣ በስዊድን ወንጌላውያን ሚሲዮን ማተሚያ ነው። ለደሴት ውኃ ታጠጣ የነበረች መንደር ለደጋው ሕዝብ ቃሉን በራሱ ቋንቋ ላከችለት።

ውድ ካቴኪስቶች፣ በባሌ ተራሮች ጥቂት ምእመናን ለማስተማር ረጅም መንገድ በእግራችሁ ስትሄዱ ድካማችሁ ከንቱ እንዳይመስላችሁ። አቡነ ያዕቆብ ብዙ ሕንጻ አላቆመም፤ ባረፈበት ሸለቆ ጣሪያ እንኳ አልነበረውም። የተወልን ሕዝቡን በቋንቋው መውደድን፣ እንግዳ አድርጎ ከተቀበለ የሌላ እምነት ጎረቤት ጋር በሰላም መኖርንና ተገፍቶ ከወረደበት ተነሥቶ ዳግም ዳገት መውጣትን ነው። ጸሎቱ ከሁላችን ጋር ይሁን፤ አሜን።