ኢያን መርዶክ እና የጋራው ጎተራ

በከሚሴም ሆነ በአዲስ አበባ፣ ደቢያን ወይም ከእርሱ የተገኘው ኡቡንቱ በተጫነበት ኮምፒዩተር ላይ አንድን ፕሮግራም በአንዲት ትእዛዝ የሚተክል ባለሙያ፣ ቢያውቀውም ባያውቀውም የኢያን መርዶክ ባለዕዳ ነው።

መርዶክ ሚያዝያ 20 ቀን 1965 ዓ.ም. በምዕራብ ጀርመን በኮንስታንስ ከተማ ተወለደ፤ ያደገው ግን በአሜሪካ በኢንዲያና ነው። በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ሲማር፣ በ20 ዓመት ዕድሜው፣ ነሐሴ 10 ቀን 1985 ዓ.ም. ደቢያን የተባለውን የሊኑክስ ሥርጭት መሠረተ። ስሙንም ከወዳጁ ከዴብራና ከራሱ ስም አውጣጥቶ ሰየመው።

በዚያን ጊዜ ይሠራባቸው የነበሩት ሥርጭቶች ስሕተት የበዛባቸው ስለ ነበሩ፣ መርዶክ ሥራውን ለብዙ ፈቃደኞች ማከፋፈልን መረጠ። ፕሮግራሞቹ በየጥቅላቸው ተለይተው እንዲታሰሩ፣ ለጥቅሎቹም ኃላፊ እንዲመደብላቸው ሆነ። በጥቅሉ ውስጥ ከፕሮግራሙ ጋር የእትሙ ቁጥርና የሚያስፈልጉት ሌሎች ጥቅሎች ስም ይገኛሉ። ጥቅሉን ፈትቶ የሚተክለውንና የሚመዘግበውን ዲፒኬጂ የተባለ መሣሪያ በ1986 ዓ.ም. መጀመሪያ የጻፈው እርሱ ሲሆን፣ በኋላ ኢያን ጃክሰን በሲ ቋንቋ እንደ አዲስ ሠራው።

መርዶክ በ1988 ዓ.ም. መሪነቱን ለብሩስ ፔረንስ አስረከበ። ሥራው ግን አልቆመም። በ1991 ዓ.ም. አፕት የተባለው መሣሪያ ከደቢያን ጋር ወጣ። አፕት የጥቅሎችን ዝርዝር ከማዕከላዊው ጎተራ ያወርዳል፤ ለተፈለገው ጥቅል ደጋፊ የሆኑትን ለይቶ አብሮ ያመጣል፤ ዛሬ ደግሞ ዝርዝሩን በፊርማው፣ ፋይሉን በመለያ ቁጥሩ ይመረምራል። ከዚያም በኮምፒዩተሩ ማከማቻ አኑሮ ለዲፒኬጂ ያስረክባል።

ይህ ማከማቻ ዋጋው የሚታወቀው የኢንተርኔት መስመር በሚደክምበት ስፍራ ነው። ፋይሎቹ ከተከላ በኋላ እንዳይሰረዙ ከታዘዘ፣ የከሚሴው ባለሙያ አንድ ጊዜ ያወረደውን ጥቅል ተመሳሳይ እትምና ዓይነት ወዳላቸው ሌሎች ኮምፒዩተሮች ቀድቶ ሊያደርስ ይችላል። አቢሲኒካ የተባለው የግዕዝ ፊደል ቅርጽም በዚያው የጋራ ጎተራ ከተቀመጡት አንዱ ነው።

መርዶክ በኋላ በሰን ማይክሮሲስተምስ፣ በመጨረሻም በዶከር ሠርቷል። ታኅሣሥ 18 ቀን 2008 ዓ.ም. በሳን ፍራንሲስኮ በ42 ዓመቱ አረፈ። በ2009 ዓ.ም. የወጣው ዘጠነኛው የደቢያን እትም ለመታሰቢያው ተበረከተ። ያን እትም ያዘጋጁት አብዛኞቹ እርሱ በመሪነት ሳለ ያልነበሩ ሰዎች ናቸው። ኃላፊነቱን ገና በወጣትነቱ ለብዙዎች ያካፈለ በመሆኑ፣ ጎተራው ያለ እርሱም አልጎደለም።